ፎቅ ላይ የተሰጠ ዊልቸር

ባሌ የወደቀው ከጨፋ ሮቢት ገበያ ሲመለስ ነው። እህል ነጋዴ ነበር። ትልቅ ነጋዴ አይባልም፤ ከገበሬው ማሽላና ጤፍ እየገዛ ከሚሴ አምጥቶ ይሸጣል። የገዛውን አይሱዙ ላይ ያስጭንና እንደ ሌሎቹ ነጋዴዎች እሱም ጭነቱ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። የዚያን ዕለት መንገዱ ላይ ከብት ገባና ሹፌሩ መሪውን በድንገት ጠመዘዘው። ባሌ ከተደገፈው ጆንያ ጋር አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ጆንያው እንኳ አልተቀደደም፤ የእሱ አከርካሪ ግን ተሰበረ።

ደሴ ወሰድነው፤ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ላኩን። ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ፣ ከደረቱ በታች ያለው አካሉ ከእንግዲህ እንደማይታዘዘው ነገረን። ባሌ ሰማና «አልሐምዱሊላህ፣ እጄ ተርፎልኛል» አለ። እኔ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ነጭ አጥንት እያየሁ፣ ያ ቀጭን ነገር ይህን ሁሉ ሰው ተሸክሞ ይኖር እንደነበር ነው የገረመኝ።

ከሚሴ ስንመለስ እንዴት እንደማስታምመው የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሰውነቱ ስለማይሰማው በየጊዜው መገላበጥ እንዳለበት ያወቅሁት ጀርባው ቆስሎ ከሸተተ በኋላ ነው። ጠያቂ ግን ሞልቶ ነበር። ራስጌው አጠገብ ይቀመጡና ስለ እሱ የሚጠይቁት እኔን ነው። «ይበላል?» ይላሉ። «ሰው ይለያል?» ያለችኝም ነበረች። ባሌ ዓይኑን ከፍቶ እያያት ነው ይህን የምትለው። «ይለያል፣ አንቺንም ለይቶሻል» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ቤቴ አልመጣችም፤ ቅርም አላለኝም። ሰው አልጋ ላይ ሲውል አእምሮውም አብሮት የተኛ የሚመስላቸውን ሰዎች መናቅ የጀመርኩት ያኔ ነው። ሳስበው ጥሩ ትምህርት ነበር፤ በኋላ ለመጣው ስፖንሰር አዘጋጅቶኛል።

በአደጋ የተጎዱ ሰዎችንና የአስታማሚዎቻቸውን ማኅበር የመሠረተችው እትዬ ናት። ሁላችንም እንዲያ ነው የምንጠራት። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት። ባጃጅ ከተማችን ውስጥ በበዛበት ሰሞን፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ወጥታ አስፋልት ስትሻገር ባጃጅ ገጫት፤ ጭንቅላቷ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ብዙ ጊዜ ራሷን ሳታውቅ ተኝታ ከረመች። ስትነቃ ግራ እግሯን እየጎተተች ትራመድ ጀመር፤ ቶሎም ይደክማታል። ደግሞ አንድ አዲስ ጠባይ ይዛ ነበር የነቃችው፤ ያሰበችውን ሁሉ ትናገራለች። ሌላው ሰው ሊናገር ያስብና የሚውጠውን ነገር እሷ አትውጠውም። ዛሬ ደህና ነሽ ወይ ልትላት የመጣችን ጎረቤት «አንቺ የመጣሽው ወሬ ልትወስጂ ነው» ትላለች፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። እትዬ መጀመሪያ ላይ እያፈረች ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። በኋላ ግን ይቅርታውን ተወችው። «ምን ላድርግ እህቴ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «የምትናገረው ሁሉ እውነት ሆኖ አገኘሁት።»

የምንሰበሰበው እትዬ ግቢ ማንጎው ሥር ነበር። በዞኑ ውስጥ እንደ እኛ ያለ ቤት ብዙ መሆኑን ያወቅነው መዞር ስንጀምር ነው። ከዛፍ የወደቀ፣ ጉድጓድ ሲቆፍር አፈር የተጫነው፣ ሞተር የጣለው፣ ጸብ ሊገላግል ገብቶ ጭንቅላቱን በዱላ የተመታ፤ ሁሉም በየጓዳው ተኝቷል። እኛ እንሄድና በሽተኛው እንዴት እንደሚገላበጥ፣ ቁስል እንዴት እንደሚታጠብ፣ የሽንት ቱቦ እንዴት በንጽሕና እንደሚያዝ እናሳያለን። ሐኪሞች አይደለንም። የምናሳየው ሁሉ በራሳችን ሰው ላይ ተሳስተን የተማርነውን ነው። ችግራችን ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ፣ ጓንት፣ ቱቦና የመኪና ኪራይ ነበር። የሚረዳን ስንፈልግ ነው «ስፖንሰር» የሚባለው ቃል ግቢያችን የገባው።

ሰውየው በዋናው መንገድ ላይ አዲስ ሆቴል የሠራ ነበር። በማይክሮፎን ሲጠሩት «ባለሀብቱ» ይሉታል፤ እኔ ስፖንሰሩ እለዋለሁ። ክፉ ሰው ነው አልልም። ክፉ ለመሆንም ሌላውን ሰው ማየት ያስፈልጋል፤ እሱ ማንንም አያይም ነበር።

መጀመሪያ የመጣ ቀን አስተባባሪ ነው የተባለ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት አስከትሎ ነበር። እትዬ ወንበር አቀረበችለት፤ አልተቀመጠም። ማንጎው ሥር ያሉትን ሰዎች በዓይኑ ዞረና «ከሁሉም የባሰበት የትኛው ነው?» አለ።

እትዬ ለሕክምና የጠየቀ መስሏት ልታስረዳው ጀመረች። አስተባባሪው አቋረጣት። «ፊት ረድፍ ለማስቀመጥ ነው እማማ። ሰው ሲያይ ልቡ እንዲነካ።»

የእትዬ ልጅ ስፖንሰሩን ከላይ እስከ ታች አየችውና «ቀበቶህ አልደረሰም» አለችው። እውነትም የቀበቶው መቆለፊያ መጨረሻዋ ቀዳዳ ላይ ነበር። ስፖንሰሩ ያልሰማ ሰው ሆኖ ምንጣፍ ላይ ወደተጋደመው ባሌ ዞረ። «እሱ ይሁን» አለ፤ ለአስተባባሪው ነው ያለው። «መልኩም ደህና ነው።» ባሌ ከአንገቱ በላይ ደስ የሚል ሰው መሆኑን እኔ ሳገባው ነው ያየሁት። እንዲህ እንደሚጠቅም ግን አላወቅሁም ነበር።

ለማኅበሩ ዊልቸር ሊሰጥ ቃል ገባ። ፍራሽ አልን፤ ዊልቸር አለ። ጓንትና ቱቦ አልን፤ ዊልቸር አለ። ቱቦ ፎቶ አይሆንማ።

ርክክቡ በሆቴሉ አዳራሽ እንደሚሆን ተነገረን። አዳራሹ ደግሞ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃ ብቻ ነው ያለው። አስተባባሪውን አነጋገርኩት።

«እነዚህ ሰዎች እኮ መራመድ አይችሉም» አልኩት።

«አብሽሪ እታለም፣ የሚሸከም ሰው አዘጋጅተናል።»

«ግቢው ውስጥ ጥላ አለ፣ ለምን እዚያ አይሆንም?»

«ግቢ ውስጥ ባነሩን ነፋስ ያወርደዋል» አለኝ። ቀልዱን አልነበረም። ፊቱን አየሁት፣ የምሩን ነበር።

በቀጠሮው ቀን የሆቴሉ ስም ደረቱ ላይ የተጻፈበት ቲሸርት አለበሱን። ባሌን ያወጡት ከመናኸሪያ የመጡ ጫኝና አውራጆች ናቸው። ከነሱ አንዱ ድሮ የባሌን እህል ያወርድ የነበረ ሰው ነበር። በብብቱ ሥር ሲይዘው ፊቱን አወቀው።

«አያ፣ አንተ ነህ እንዴ?» አለው። «ያኔ ጆንያህን ነበር የምሸከመው።»

«አሁን ቀልያለሁ፣ አይዞህ» አለው ባሌ፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔ የሽንት ቱቦው ከረጢት ደረጃው ላይ እንዳይያዝ በእጄ ይዤ ከኋላ ከኋላ እወጣለሁ። በእኔ በኩል የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

የከሚሴን ሙቀት የማያውቅ ሰው የዚያን ቀን አዳራሽ ሊገምተው አይችልም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ማራገቢያው ለማይክሮፎኑ ድምፅ ሲባል ጠፍቷል። አከርካሪው የተጎዳ ሰው ደግሞ እንደ ሌላው አያልበውም፤ ሙቀቱ ውስጡ ይቀራል። የባሌ ፊት ቲማቲም መሰለ። ፎጣ አርጥቤ አንገቱ ላይ አደረግሁ። ከዞን የሚመጡት የክብር እንግዶች እስኪደርሱ ነው የምንጠብቀው። እነሱ ሲደርሱ ከረጢቱ ሞልቶ ነበር። በዚያ ደረጃ ማን ያውርድልኝ? ባሌን ከነተቀመጠበት ወንበር ወደ ጥግ ስቤ፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይዤ ከባነሩ ጀርባ ጎንበስ ብዬ ከረጢቱን ማራገፍ ጀመርኩ።

አስተባባሪው በጣቱ ጫፍ እየተራመደ መጣ። «እባክሽ እታለም» አለ በሹክሹክታ፣ «ካሜራው በዚህ በኩል ነው።»

«ሽንቱም በዚህ በኩል ነው» አልኩት።

ዊልቸሮቹ በረድፍ ቆመው ያብለጨልጫሉ። መቀመጫቸው ከነላስቲኩ ነው። ባሌን ሲያስቀምጡት ላስቲኩን ልቀድ ስል አስተባባሪው እጄን ያዘኝ። «አትንኪው፣ ለዛሬ እንዲሁ ይቀመጥበት።» ላስቲክ ላይ በዚህ ሙቀት መቀመጥ ሰውነቱን እንደሚያቆስለው ነገርኩት። «ለዛሬ ነው» አለ ደግሞ። ለምን «ለዛሬ» እንዳለ ያኔ አልገባኝም።

ስፖንሰሩ ንግግሩን ከራሱ ልጅነት ጀመረ። በባዶ ሆድ ትምህርት ቤት እንደሄደ፣ የመጀመሪያ ሱቁን እንዴት እንደከፈተ፣ ሆቴሉ ስንት ክፍል እንዳለው ሳይቀር አወራ። ስለ እኛ ለመናገር ሲደርስ ደክሞት ነበር መሰለኝ፣ ያነበበው በጣም አጭር ነው። «እነዚህን ወድቀው የቀሩ ወገኖቻችንን ደግፈን በእግራቸው እናቆማቸዋለን» አለ። ማቆም ነው ያለው። ጉባኤው አጨበጨበ። የእትዬ ልጅ ጮክ ብላ «እንዴት አድርጎ?» ብላ ጠየቀች፤ አጠገቧ ያለ ሰው ዝም አሰኛት። እንግዳው ሁሉ ከሰማው ንግግር ውስጥ ይህ ጥያቄ ብቻ ነበር ሰው የተናገረው የሚመስለው። 

ፎቶው ብዙ ነበር። ስፖንሰሩ እጁን ባሌ ትከሻ ላይ አድርጎ፣ ከዚያ ዊልቸሩን እየገፋ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆሮው ላይ የሚያጽናናው መስሎ ተነሣ። ምን እንዳለው በኋላ ባሌን ጠየቅሁት። «ወደ ካሜራው እይ ነው ያለኝ» አለ።

ፎቶው አልቆ እንግዶቹ ለምሳ ወደ ታች ሲወርዱ ጫኝና አውራጆቹ ተመልሰው ገቡ። መጀመሪያ አንዱን አባላችንን ከዊልቸሩ አንስተው የአዳራሹ ወንበር ላይ አስደገፉት። ከዚያ ሁለተኛውን። ባዶዎቹን ዊልቸሮች አጥፈው በር ላይ መደርደር ያዙ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች እትዬ።

አስተባባሪው ፈገግ አለ። «ነገ ባቲ እንፈልጋቸዋለን እማማ። እዚያም ርክክብ አለ። ከባቲ በኋላ ለማን እንደሚሰጥ ኮሚቴው ተነጋግሮ ይወስናል።»

ያኔ ነው ላስቲኩ ለምን እንዳይነካ እንደተፈለገ የገባኝ። ያው አንዱ ዊልቸር በየከተማው እየዞረ ሊሰጥ ነው። ሳያልቅ፣ ሳይቆሽሽ።

ቶሎ ስለሚደክማት እሷም አንዱ ዊልቸር ላይ ተቀምጣ ወደነበረችው ወደ እትዬ ልጅ መጡ። ልጅቷ ጎማውን በሁለት እጇ ያዘች። «ኪያ» አለች። «ሂንከኡ።» የእኔ ነው፣ አልነሣም ማለቷ ነው። የጫኝና አውራጆቹ ቋንቋም ስለሆነ ማስተርጎም አላስፈለጋቸውም፤ ቆሙ።

«እማማ፣ እባክዎ ያስረዱልን፣ ልጅቷ አልገባትም» አለ አስተባባሪው።

«ገብቷታል ልጄ» አለች እትዬ። «በማይክሮፎን ተሰጥቷችኋል ሲባል ሰምታለች። ሁላችንም ሰምተናል።»

ወደ ባሌ ዞሩ። ባሌ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እኔም እዚሁ ነኝ» አለ። ያ ድሮ እህሉን ያወርድ የነበረው ሰው እጁን ከባሌ ብብት አወጣና ወደ መስኮቱ ሄዶ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። አስተባባሪው ወደ እኔ መጣ።

«እታለም፣ እስቲ አንቺ አነጋግሪው።»

«እናንተ ናችሁ ያስቀመጣችሁት» አልኩት። «ከቻላችሁ አንሡት። እንግዶቹም ከምሳቸው ተነሥተው ይዩ።»

ነገሩ ሲዘገይ ስፖንሰሩ ራሱ መጣ፤ ስቴኪኒ አፉ ውስጥ ነው። ከኋላው ከዞን የመጡት እንግዶች ምን ተፈጠረ ብለው ተከተሉት፤ ካሜራ የያዘውም አብሮ። አስተባባሪው ጆሮው ላይ አንሾካሾከ። ስፖንሰሩ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፤ ከዚያ ካሜራውን አየ። ሰውየው ባሌን አይቶ የማያውቀውን ያህል ካሜራን ያያል። ቀጥ ብሎ ሄዶ ማይክሮፎኑን አነሣ።

«ወገኖቼ» አለ፣ «ልቤ ስላልቻለ አሁን አንድ ነገር ወስኛለሁ። እነዚህ ዊልቸሮች ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ የእነሱ ናቸው።»

ሰዉ አጨበጨበ። አንዷ እንግዳ እንባዋን ጠረገች። አንዱን ዊልቸር ሁለት ጊዜ ሰጥቶ ሁለት ጊዜ ተጨበጨበለት። ያሳፈርነው የመሰለን እኛ፣ ለካ የንግግሩን ማሳረጊያ ነበር የሠራንለት። በሕይወቴ ሰው የናቅሁበት ቀን ብዙ ነው፤ እንደዚያን ቀን ግን ንቀት ከአፌ እስኪፈስ የሞላኝ ጊዜ የለም። እዚያ የነበሩትን ጎረቤቶቼን ጨምሬ ነው የናቅኋቸው። አጨብጫቢውን ሁሉ።

ወደ ታች ስንወርድ ባሌንም ዊልቸሩንም ለየብቻ ተሸከሟቸው። ግቢው በር ላይ ላስቲኩን ቀደድኩና እዚያው ጥዬው ሄድኩ።

የባቲው ርክክብ ቀረ። ይህን ያወቅነው እትዬና እኔ ለማኅበሩ ሥራ ባቲ ስንሄድ ነው። ገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በግመልና በፍየል ተጨናንቋል። ከቆላ ከብት እያመጣ ይሸጥ የነበረ፣ ከገደል ወድቆ ወገቡ የተሰበረ አንድ አባል ነበረን። ቤቱ ስንገባ ምንጣፍ ላይ በክርኑ ተደግፎ ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «የእኛን ዊልቸር ያስቀራችሁት እናንተ ናችሁ አሉ» አለን።

እትዬ ሐፍረት ያዛት። እኔ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ላስቲኩን፣ ፎቁን፣ ማይክሮፎኑን። ፊቱ ሳይለወጥ ሰማኝ።

«ታዲያ እኔ የቀረብኝ ምንድን ነው?» አለ። «ፎቶ ነው። ፎቶውን ይብሉት።»

ሸክሙ ግን አልወረደልኝም። የዚህ ሰው ዊልቸር በአንድ ሰው ጉራ ምክንያት ቀረ፤ እኛ ይዘን በመቅረታችን አይደለም ብዬ ለራሴ ብነግረውም ምንጣፉን ማየት አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ እትዬ ደሴ ድረስ እየተመላለሰች ከአንድ ሆስፒታል ያገለገለ ዊልቸር ለመነችለት። ርክክቡ ላይ እትዬ፣ እኔና የሰውየው ሚስት ነበርን። ንግግር ያደረገ የለም። ሚስቱ ጎማውን በጨርቅ ጠረገችው፣ እሱ ተቀመጠበትና ወደ ደጅ ወጣ፤ ይኸው ነው።

ስፖንሰሩ በዓመቱ ተመልሶ መጣ። ማለት፣ አስተባባሪውን ላከ። ማንጎው ሥር ተሰብስበን ተነጋገርን። እኔ አይምጣብን አልኩ። ብዙዎቹ ይምጣ አሉ፤ አልፈርድባቸውም፣ ፍራሽ የሌለው ሰው ስለ ክብር እንዲያወራ አይጠበቅም። እትዬ መሀል ገብታ እንጠይቀው አለች፤ ሥነ ሥርዓቱ ምድር ላይ ይሁን፣ ፎቶ የሚነሣው የፈቀደ ብቻ ይሁን፣ የሚሰጠውን እኛ እንንገረው። አስተባባሪው ይህን ይዞ ሄደ። መልስ አልመጣም። ቆይተን ስንሰማ ስፖንሰሩ የእግር ኳስ ውድድር ስፖንሰር ሆኗል። ተጫዋቾቹ የሆቴሉን ስም ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሲሮጡ አየኋቸው። ደስ አለኝ። እነሱ ቢያንስ በእግራቸው ነው የቆሙት፤ ቃሉን ጠበቀ ማለት ነው።

ባሌ ዛሬም አለ። ጠዋት ጠዋት ዊልቸሩን እየገፋ አስፋልቱ ዳር ይወጣል፤ የሞባይል ካርድና ማስቲካ ይሸጣል። የፊቱ ጎማ ኮብልስቶኑ ላይ ተሰብሮበት ከሌላ ነገር በብየዳ አስቀጠለው፤ ሲሄድ ይጮኻል። ስፖንሰሩ በመኪናው በዚያ ያልፋል። ባሌ እጁን አንስቶ ሰላም ይለዋል። ሁልጊዜ። እሱም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጁን ያወጣል።

መጀመሪያ ያየሁ ቀን ተናደድኩበት። «ለዚያ ሰውዬ እጅህን ታነሣለህ?» አልኩት ማታ እግሩን እያሸሁ።

«ምን ላድርገው? ወንበሩ እኮ ይሄዳል» አለኝ።

«እሱ አይደለም የሰጠህ። አንተ ነህ አልነሣም ያልከው።»

«እሱም ነው፣ እኔም ነኝ» አለ ባሌ። «አንቺ ደግሞ ሰው አንዴ ከጠላሽ አትለቂውም። እኔ ቀኑን ሙሉ እዚያ የምውለው ሰው ለማየት ነው። ያለፈውን ሁሉ ሰላም ካላልኩ ማንን ላናግር?»

መልስ አላጣሁም ነበር፤ ግን ሌላኛውን እግሩን ማሸት ያዝኩ። ባሌ ልቡ ሰፊ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ይህ ልቡ አንዳንዴ ያበሽቀኛል። እኔ በዚያ መንገድ ሳልፍ ሆቴሉ ፊት ለፊት ስደርስ አስፋልቱን ተሻግሬ በወዲያኛው ዳር እሄዳለሁ። ጸሐይ ነው በዚያ በኩል፣ ጥላ የለውም። ቢሆንም በዚያ ነው የምሄደው።